ምድጃ ያልበላው ግንድ

እኛ ግቢ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ ውሃ የመጣ ቀን እንደ ድግስ ቀን ነው። ተከራዩ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ይወጣል፣ ጎማው ከቧንቧው እስከ በርሜሉ ይዘረጋል፣ ቢጫ ጀሪካኖች እንደ ጠዋት ሰልፍ ተማሪ ይደረደራሉ። ዛሬ ጠዋት ለአዲሷ ተከራይ ለሰናይት የመጀመሪያ የውሃ ቀኗ ነበር። ካገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ልታግዘኝ ብላ የበርሜላችንን ክዳን ልትከፍት ስትል ከላዩ የተቀመጠውን ነገር አየችና ወደ እናቴ በር ዞረች።

«እትዬ፣ ይቺን እንጨት ካልፈለጋችኋት ልውሰዳት? ከሰሌ አልቆብኛል።»

እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ፊቷን እንኳ ሳታሳየን፣ «እንዳትሞክሪው የኔ ልጅ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ» አለቻት።

ሰናይት ግን እጇን ቀድማ ሰዳለች። በአንድ እጇ ላንሳው ብትል አልነቃነቅ አላት። በሁለት እጇ ሞከረች። ከዚያ ሰው ያታለላት ይመስል አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። ሳቄ አመለጠኝ። በእሷ አልነበረም የሳቅሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ስንት ጎበዝ የተሳሳተውን ስህተት እሷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለ ደገመችው ነው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ ለቡ ከመጣን ሦስት ወር አልሞላንም፤ ትምህርት ቤቴ ግን እዚያው ጀሞ ስለቀረ በጠዋት ፈረቃ ተምሬ በሚኒባስ እመለስ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። በጥቅምት ለቡ ሁለት ሽታ አለው፤ ክረምት ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመው ጥቁር አፈር ሲደርቅ የሚሸተው አንዱ ነው፣ ሌላው የሲሚንቶ ነው። የመኪና ጎማ በጭቃው ላይ የተወው ቦይ እንደ ሸክላ ደርቆ ስለሚቆም፣ ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክደርስ ዓይኔን ከመሬት አላነሳም። ከመሬት ጋር የተዋወቅነው እንግዲህ በዚያ መንገድ ይመስለኛል።

ከቤታችን ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ መሠረት ይቆፈር ነበር። እናቴ በሳይቱ ጥግ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ለሠራተኞቹ ታበስላለች። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ሽሮ ወይም ፓስታ በእንጀራ፤ ከአገር ቤት ዘመድ የመጣ ሰሞን ደግሞ ቆጮ በጎመን፣ ከጎኑ በጣት ጫፍ ብቻ የምትነካ ዳጣ። ዳጣዋን ደፍሮ በቁራሽ የጠቀሰ አዲስ ሠራተኛ ያን ቀን ሲያነባ ይውላል፣ ሌሎቹም ሲስቁበት ይውላሉ። ሁሉም «ማዘር» ነው የሚሏት። በሳይቱ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ግን የማይጥሰው አንድ ደንብ ነበር፤ ለሥራ የማይሆን እንጨት ሁሉ የአብሳይዋ ነው። የተሰበረ ሞራሌ፣ የተጣመመ ባሕር ዛፍ፣ ሲሚንቶ የጋገረበት ጣውላ፣ ሁሉም ማዘር በር ላይ ይጣላል። አይጠየቅም፣ አይመሰገንም። እንዲሁ ነው።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አራት ሰዎች በባሬላ አንድ ነገር ተሸክመው፣ አንገታቸው ተገትሮ፣ ወደ እናቴ በር ሲሄዱ ደረስኩባቸው። ቡናማ ነው፤ ቅርፊት አለው፤ ውፍረቱ የእኔን ወገብ ያክላል። የአንደኛውን ምሰሶ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በታች፣ ተጋድሞ አገኙት። በዲጅኖ ሲመቱት ስንጥቅ የነበረበት ቦታ ላይ ይህ ቁራጭ ለቀቀላቸው። ማዘር ደጅ አስቀመጡትና አንደኛው እጁን እያራገፈ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚያበስል ግንድ አመጣንልሽ አላት። የክብደቱ ነገር ሳይቆረቁራቸው ቀርቶ አይደለም። ግን መሬት ውስጥ የኖረ እንጨት ነዋ፣ ውሃ ጠጥቶ ነው ተባባሉ።

ምን ዛፍ እንደሆነ የወሰነው ጋሽ ደስታ ነው። ጋሽ ደስታ የሳይቱ አናጢ ነው፤ የወላይታ ሰው፤ እሑድ እሑድ በእኛው ቸርች ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ በሥራ ቀን ደግሞ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚጠርብ። ግንዱን በመዳፉ አንዴ ዳሰሰና «ወይራ» አለ። ዝግባ ይሆን እንዴ ያለ አንድ ልጅ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ቆርጫለሁ» አለው ጋሽ ደስታ። «እኔን ከእንጨት ጋር አታስተዋውቀኝ።»

መጥረቢያ መጣ። የመጀመሪያው ምት የእሳት ፍንጣሪ አወጣ። በሁለተኛው የመጥረቢያው ስለት ተሸረፈ። ጋሽ ደስታ ደስ አለው። ወይራ እንዲህ ነው፣ አላልኳችሁም ወይ፣ እያለ ዞረ። በመጨረሻ በትልቅ መዶሻ ጥቂት ፍላጭ ሰበሩላትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እናቴም ሦስቱን ከደረቅ ባሕር ዛፍ ጋር የሽሮው ድስት ሥር ከተተቻቸው።

ባሕር ዛፉ ነደደ። እነዚያ ሦስቱ ግን ነበልባሉ መሃል ተቀምጠው ምንም አልመሰላቸውም። አይጨሱም፣ አይሸቱም፣ አይጠቁሩም ማለት ይቻላል። እናቴ እፍ ብላ እፍ ብላ ዓይኗ ቀላ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ፎርማኑ ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መሃል ሸሚዙ ተተኩሶ የሚውል፣ ከሩቅ የሚታወቅ። ምሳው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ በሩ ላይ ቆሟል። በዚያች ደቂቃ «ጧ» አለ። አንድ ስብርባሪ ከእሳቱ ተስፈንጥሮ ድስቱ ውስጥ ገባ፤ ሽሮውም በተራው ወጥቶ የጋሽ ከድር ሸሚዝ ላይ አረፈ። እናቴ በኢየሱስ ስም እያለች ወደ ኋላ ሸሸች። ጋሽ ከድር ሸሚዙን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማዘር፣ ሽሮው ዛሬ ራሱን በራሱ ነው እንዴ የሚያቀርበው?»

ስብርባሪውን በጭልፋ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አጥቤው ፀሐይ ላይ ስይዘው ነገሩ ሌላ ሆነ። አዲስ የተሰበረበት ፊት የማር ቀለም ነበረው፤ ዳሩ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ያብለጨልጫል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ቀስት የጎበጡ ቀጫጭን መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ይሄዳሉ። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ የሚታዩት ዓይነት ቀለበቶች። ከአንድ ሳምንት በፊት የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ሰላም ስለ ቅሪተ አካል ስታስተምረን፣ ድንጋይ ስለሆነ ዛፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንስታ አልፋ ነበር። በአንድ ብቻ። ልቤ ሽንኩርቱንም እናቴንም ረስቶ መምታት ጀመረ።

ግን አፌን ዘጋሁ። ምክንያት ነበረኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የሚያበራ ነገር ከመንገድ አንስቼ፣ አልማዝ አገኘሁ ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አሳይቼ ነበር። ቀልጦ የረጋ የጠርሙስ ስባሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ ፌቨን መሆኑ ቀርቶ «ዳይመንድ» ሆነ። ተራዬ ደርሶ ለማንበብ ስነሳ እንኳ ከኋላ ወንበር «ዳይመንድ፣ ድምፅ ጨምሪ» ይባላል። ስለዚህ ስብርባሪውንና አንድ የዳቦ ያህል ፍላጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለእናቴ ለአስተማሪ ላሳየው ነው ከማለት በቀር ነገሩን ለማንም ሳልተነፍስ አደርኩ።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ቲቸር ሰላምን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኘኋት፤ ሳምቡሳ ይዛለች። ድንጋዩን አውጥቼ «ቲቸር፣ ይሄ» ከማለቴ እጇን አነሳች።

«ስሙን አትንገሪኝ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

ከየት እንደወጣ ነገርኳት፤ ምን እንዳየሁ ሳስብ ግን ግማሹን አላየሁም። እሷም ሳምቡሳዋን እያኘከች፣ ሳትቸኩል፣ ማየት አስተማረችኝ። ዛፍ የሚመስል ድንጋይ ሞልቷል አለችኝ፤ ጎኑ እንጨት መስሎ የሚያታልል ድንጋይ ስላለ፣ የተቆረጠበትን ፊት እይ፤ ቀለበት አለው ወይ? ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው፤ እንጨት ቶሎ ይሞቃል፣ ድንጋይ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ጠርሙስ ይጭራል ወይ? ቢላዋስ እሱን ይጭረዋል? ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነው። ከሁሉም በላይ የተኛበትን አፈር እይ። ይህን ሁሉ ጻፊው፣ ግን ስም አትስጪው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔው መጥቼ አያለሁ አለች።

በሚኒባሱ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሄድ፣ ነገ ጠዋት እስኪደርስ እንዴት እንደምችል ነበር የማስበው። ሳይት ስደርስ ግን ጋሽ ከድር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። እናቴ ፍላጩን ለአስተማሪ ላሳይ እንደወሰድኩ ነግራዋለች።

«ኢንጂነር፣ መጣሽ?» አለኝ። ሠራተኞቹ ፈገግ አሉ። «በይ እንግዲህ ፍረጂን።»

ችግሩን እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኝ። ነገ በጠዋት አርማታ የያዘው ሚክሰር ይመጣል። የግንዱ ቀሪ ጉድጓዱ ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ጫፉ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ከመሠረት ሥር እንጨት አይተውም፤ ይበሰብስና ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ሕንፃውም በዚያ በኩል ይሰምጣል። እንጨት ከሆነ ዛሬውኑ፣ ጫፉ እስከሚገኝ፣ ተቆፍሮ ይወጣል። ድንጋይ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለም፤ አርማታው ላዩ ላይ ይፈስበታል። ጋሽ ደስታ ከወዲያ ሆኖ፣ እንጨት ነው፣ እርጥብ ወይራ ነው፣ ሠላሳ ዓመት፣ እያለ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። እንጨት ነው ካልኩ ዛፉ ይወጣል። ድንጋይ ነው ካልኩ፣ ማለትም እውነቱን ከተናገርኩ፣ ቲቸር ሰላም ሳታየው ለዘላለም ይቀበራል። እንጨት ብል ደግሞ ማንም አይስቅብኝም፤ ጋሽ ደስታን የሚያህል ሰው ከጎኔ አለ። ዳይመንድ የሚለኝም የለም።

መጀመሪያ ልየው አልኩና ከእናቴ ቤት ቢላዋ፣ ጠርሙስና ሎሚ ይዤ በባሕር ዛፍ መሰላሉ ወረድኩ። ታች ቀዝቀዝ ይላል፤ የሠራተኞቹ ድምፅ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል። ከላይ ጥቁሩ አፈር፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ንብርብር። በጣቴ ሳሸው እንደ ዱቄት ላመ፤ አመድ ነበር የሚመስለው። ግንዱ እዚያ አመድ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፣ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ፣ ልክ ትናንት የወደቀ ዛፍ። ጉንጬን አስጠጋሁበት፤ በረዶ ነው። በተሰበረው ዳሩ የለስላሳ ጠርሙስ ጫርኩ፤ ሲጥ ብሎ ተጫረ። የእናቴን ቢላዋ ብስብበት የብረት መስመር ብቻ ተወ። ሎሚዬን ጨመቅሁበት፤ ዝም አለ። ቀለበቶቹን መቁጠር ጀምሬ አርባ ላይ ተምታታብኝ። ተንበርክኬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላ።

ወጣሁ። ደብተሬን እንደያዝኩ ጋሽ ከድር ፊት ቆምኩ።

«ድንጋይ ነው፣ ጋሽ ከድር። እስከ ውስጡ ድንጋይ ነው። አይበሰብስም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዕቃ እንዲሰበሰብ በእጁ ምልክት ሰጠ። እንዳላለቅስ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመርኩ። ዛፍ እንደነበር፣ አመድ እንደቀበረው፣ ቀለበቱ እንዳለ፣ ምን እንዳልኩ ራሴም አላስታውስም። ጋሽ ከድር ግን ሕንፃ የሚያቆም ሰው ነው፤ በልጅ ቃል አያድርም። አሳዪኝ አለ። ጠርሙሱን ሰጠሁት፤ ራሱ ጫረው። ቢላዋውን ሰጠሁት፤ ራሱ ሳበው። ጋሽ ደስታ ተናዶ ፍላጩን ከእጄ ነጠቀና ፀሐይ ላይ አገላብጦ ሊያሳፍረኝ ተዘጋጀ። ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ከድር፣ ና ወዲህ እይ። እዚህ ጋ ቅርንጫፍ ወጥቶ ነበር። ጉጥ ነው ይሄ።»

«ልጅቷ ድንጋይ ነው አለች እኮ።»

«ድንጋይ ነው። ጉጥም አለው።» እንደገና ዳሰሰው። «ስንት እንጨት በእጄ አለፈ፣ እንዲህ የተጠበቀ አላየሁም። እኔ እዚህ ላይ አርማታ አላፈስም።»

«አንተ አናጢ ነህ፤ ድሮስ አርማታ መቼ አፍስሰህ ታውቃለህ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጋሽ ደስታ ግን ዲጅኖ አንስቶ መሰላሉን መውረድ ጀመረ። ጉድጓድ ከገባ ስንት ዘመኑ ነው። ሁለት ልጆች ሳይታዘዙ ተከተሉት። ጋሽ ከድር ሰዓቱን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ።

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጉድጓዱን ተጠርጎ ላየው» አለ። «እስከዚያ የወጣው ወጣ። የቀረው የሕንፃው ነው።» የታጠበውን ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ባሬላውን በአንድ ወገን የያዘው እሱ ራሱ ነው።

እናቴ ከቆርቆሮ ቤቷ ብቅ ብላ የሆነውን ሰማችና፣ ቆፍሮ የወጣ ሁሉ ዛሬ ቆጮ እንደሚበላ አስነገረች። ከዚያ በኋላ ቆፋሪ አልጠፋም። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አምስት ትልልቅ ቁራጭ ወጣ። የቀረው ወደ ግድግዳው፣ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሥር፣ ገብቶ ሄደ፤ እሱን ተውነው። ጭቃ በጭቃ ሆነን ቆጮአችንን ስንበላ፣ ጋሽ ደስታ ፍላጩን ጭኑ ላይ አድርጎት ነበር።

ቅዳሜ ቲቸር ሰላም የመጣችው ሚክሰሩ ሆዱን እያዞረ ወደ ኋላ ሲገባ ነው። ነጭ ጫማ አድርጋለች። ክምሩን ስታይ ጫማዋንም ጭቃውንም ረስታ ቁጢጥ አለች። በእጇ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያ ቀና ሳትል «ምን አየሽ?» አለችኝ። ደብተሬን ከፍቼ አነበብኩ። ሠራተኞቹ የፉል ዳቧቸውን እንደያዙ ከበቡን። መጀመሪያ ለራሴ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ነበረኝ፤ ገጹ መሃል ስደርስ ግን የሚክሰሩን ጩኸት በልጬ እያነበብኩ ነበር፤ ማንም ድምፅ ጨምሪ አላለኝም። ስጨርስ ቲቸር ሰላም ተነሳች።

«አሁን ስሙን ንገሪኝ።»

«ድንጋይ የሆነ እንጨት ነው፣ ቲቸር።»

ራሷን ነቀነቀች። ያን ብቻ። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ ካገኘሁት ማርክ ሁሉ ያ ይበልጥብኛል። ለሠራተኞቹ ደግሞ አስረዳቻቸው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ዛፉን ሳይበሰብስ ቀበረው፣ ከዚያ በአመዱ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የሟሟ ድንጋይ እየያዘ ገብቶ፣ እጅግ ረጅም በሆነ ዘመን፣ የእንጨቱን ቦታ ጥቂት በጥቂት ተካው። ጋሽ ደስታ ምን ዛፍ እንደሆነ ጠየቃት። ያ በዓይን አይለይም፣ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት አለችው። በትህትና አዳመጣትና «ወይራ ነው» አለ። ዛሬም ቸርች ስንገናኝ ወይራ ነው ይለኛል።

ቲቸር ሰላም ለሚመለከታቸው ሰዎች ጽፋ፣ ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ትልልቆቹን ወሰዱ። የእናቴ ምድጃ ውስጥ ከገቡት ከሦስቱ ትልቁን ግን አገላብጠው አይተው፣ እሳት አበላሽቶታል፣ ለእናንተ ይሁን አሉ። እናቴ ትንሽ ተቀየመች። የተበላሸው ሽሮዬ ነው አለች። የበርሜሉ ክዳን በነፋስ እንዳይነሳ ላዩ ላይ ያስቀመጠችው የዚያን ዕለት ነው።

ሕንፃው አልቆ ሰው ገብቶበታል። በየሰገነቱ ልብስ ይሰጣል፤ ከታች ፀጉር ቤት አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ የቀረው ግንድ ትዝ ይለኛል፤ አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው እንቁላል እየጠበሰ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ዛፍ ላይ ይኖራል፣ አያውቅም። አንዳንዴ ደግሞ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆምኩባት ደቂቃ ትመጣብኛለች። ያን ቀን እውነቱን የተናገርኩት ደፋር ስለነበርኩ አይመስለኝም፤ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ ስለ ጻፍኩት ነው። በራሴ እጅ ጽፌው ስወጣ ሌላ ነገር ማለት አቃተኝ። ዛሬ ደብተር ሳላስገባ ከቤት የማልወጣውም ከዚያ ገጽ ወዲህ ነው።

ሰናይት ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ አላወቀችም። በጣቷ አጥንት ክዳኑ ላይ ያለውን ነገር አንኳኳችው፤ የድንጋይ ድምፅ ሰጣት። ቅርፊቱን ዳሰሰች፤ ቅርፊት ነው።

«እንዴ፣ ምንድን ነው ታዲያ ይሄ?»

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«መጀመሪያ ያየሽውን ንገሪኝ» አልኳት።

ጎንበስ አለች፤ እኔም አብሬያት ጎነበስኩ። የማሩን ቀለም አየች፣ ከዚያ መስመሮቹን፣ ከዚያ አንዲት ጉጥ በራሷ ጣት አገኘች። እናቴ ውሃው ውሃው እያለች ስትጮህ ነው ቀና ያልነው። ጀሪካኑ ከሞላ ቆይቷል፤ ውሃው ግቢውን አቋርጦ እግራችን ሥር ደርሷል።